ክሎሪኑን ማን ይበጥብጥ? ስለ ወረርሽኝ ምላሽ ሰጪዎች ምዘና የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በሙያ ባልደረቦቼ መካከል ሲዞር ነበር። ለእኔም ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ጸሐፊው በኅብረተሰብ ጤና ሥራ ብዙ ዓመት የቆዩ ሰው ናቸው። የጽሑፋቸው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ወረርሽኝ ሲነሳ ወደ ቦታው የሚላኩ የጤና ባለሙያዎችን ክህሎት አስቀድሞ መመዘን አያስፈልግም። አምስት ምክንያት አቅርበዋል። አንደኛ፣ ባለሙያው ተምሯል፣ የሙያ ፈቃድ አለው፣ ስልጠና ወስዶ ሰርተፊኬት ይዟል፤ ሌላ ፈተና ድግግሞሽ ነው። ሁለተኛ፣ የግድ ካስፈለገም ባለሙያው ራሱ ቅጽ ቢሞላ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ኮቪድንም፣ እንደ ኢቦላ ያለውን ገዳይ በሽታ ማርበርግንም ያለ ምዘና ተወጥተናል። አራተኛ፣ ምዘናው ሰው ለማባረርና አበል ለመከልከል ሰበብ ይሆናል። አምስተኛ፣ ነገሩ ከውጭ የመጣ ነው፤ ለእኛ ወረዳ አይሆንም።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነት ያላቸው ቦታ አለ፤ እዚያ ስንደርስ አልደብቅም። ዋናው ሐሳብ ላይ ግን ፈጽሞ አልስማማም። በጣም የሚያሳስበኝ ጉዳይ ስለሆነ መልሴ ትንሽ ይረዝማል።

በሰርተፊኬቱ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዞን ላይ የወረርሽኝ ሥራ እሠራ ነበር። አንድ ወረዳችን ውስጥ ኮሌራ ገባ። ፋይላችን ውስጥ የሰለጠኑ ባለሙያዎች ስም ዝርዝር ነበር። ከየስማቸው ትይዩ የስልጠናው ርዕስና ቀን ተጽፏል። ደወልን። ግማሾቹ ሥራ ለቀዋል ወይም ተዛውረዋል። አንዷ ከወለደች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። የተገኙትን መኪና ላይ ጭነን ሄድን።

ስንደርስ መሽቷል። ድንኳኑ ውስጥ ሰዎች ሸራ ላይ ተኝተዋል። ሥራ ተከፋፈልን። ኮሌራ ላይ የሦስት ቀን ስልጠና የወሰደ አንድ ወጣት ክሎሪን እንዲበጠብጥ ተመደበ። ባልዲውን ሞላ። ዱቄቱን በእጁ ዘግኖ ጨመረ፣ ደገመ። ትንሽ ቆይቶ የሁላችንም ዓይን ያቃጥለን ጀመር። ለእጅ መታጠቢያ የተቀመጠው ውኃ ወለል ከሚጸዳበት የባሰ በርትቶ ነበር።

ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ሒሳቡን እንየው። ብዙ ጊዜ እጃችን የሚገባው የክሎሪን ዱቄት 70 በመቶ ጥንካሬ ያለው ነው። 10 ሊትር ውኃ ላይ 70 ግራም ገደማ ሲጨመር 0.5 በመቶ ይሆናል። እሱ ለወለልና ለዕቃ ነው። 7 ግራም ገደማ ሲጨመር ደግሞ 0.05 በመቶ ይሆናል። እሱ ለእጅ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አሥር እጥፍ ነው። ከቀጠነ ጀርሙ አይሞትም። ከበረታ እጅ ይልጣል፤ አስታማሚዎቹም መታጠብ ይተዋሉ። ያኔ ልናድንበት የተከልነው ድንኳን በሽታውን ወደየቤቱ ይልካል።

ልጁ ሰነፍ አልነበረም። በኋላ ቁጭ ብለን ስናወራ የሰለጠነው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ እንደሆነ ነገረኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ስላይድ አይቷል። ቁጥሮቹን ደብተሩ ላይ ጽፏል። ባልዲ ግን አልነካም። ሰርተፊኬቱ የሚመሰክረው ሦስት ቀን አዳራሹ ውስጥ መገኘቱን ብቻ ነው። እኛ ያንን ወረቀት አምነን በውድቅት ሌሊት የሰው ሕይወት እጁ ላይ ጣልንበት። ጥፋቱ የላክነው ሰዎች ነው። ከመላካችን በፊት አንድ ባልዲ ሰጥተን “እስቲ አሳየን” አላልነውም።

በዚያው ሌሊት ሌላም ነገር አይቻለሁ። እዚያው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ነበረች። ስሟ በእኛ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሰውነቱ ደርቆ ደም ሥሩ የጠፋ ሰው ሲመጣ ሁሉም እሷን ይጠራል። ክንዱን ዳበስ ዳበስ አድርጋ መርፌውን በአንዴ ታስገባዋለች። የፈሳሹንም ሒሳብ በቃሏ ታውቃለች። 50 ኪሎ የሚመዝን፣ ክፉኛ የደረቀ አዋቂ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት 1.5 ሊትር ሪንገር፣ ማለትም በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ያስፈልገዋል። በሚቀጥለው ሁለት ሰዓት ተኩል ደግሞ 3.5 ሊትር። በሦስት ሰዓት ውስጥ 5 ሊትር ማለት ነው። ይህን ያህል ፈሳሽ በዚህ ፍጥነት መስጠት የሚፈራ ባለሙያ ብዙ ነው። ታማሚው የሚሞተውም በዚያ ፍርሃት ምክንያት ነው። ኮሌራ በወጉ ከታከመ ከ100 ታማሚ አንድ ሰው እንኳ መሞት የለበትም።

የት እንደተማረችው ጠየቅኳት። ቀድሞ በሠራችበት ወረዳ ኮሌራ ገብቶ ወር ሙሉ ድንኳን ውስጥ አድራ ሠርታለች። ያንን የጻፈላት ሰው የለም። ሰርተፊኬትም አልተሰጣትም። በጸሐፊው መለኪያ ከሄድን ብቁው በእፍኝ የዘገነው ልጅ ነው፤ እሷ የለችም። ምዘና ሲባል ሰው መጣያ ብቻ የሚመስላቸው ሁሉ ይህችን ነርስ እንዲያስቧት እለምናለሁ። ስንት እንደሷ ያሉ ሰዎች በየጤና ጣቢያው ሳይታወቁ አሉ?

ይህ የእኛ አገር ድህነት ያመጣው ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ዳላስ ከተማ ውስጥ አንድ የኢቦላ ታማሚ ሆስፒታል ገባ። ያስታመሙት ሁለት ነርሶች በበሽታው ተያዙ። ደግነቱ ሁለቱም ድነዋል። ለጤና የዚያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሌላ አገር የለም። ነርሶቹም የተማሩ፣ ፈቃድ ያላቸው ነበሩ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር መመሪያውን ለወጠ። አዲሱ መመሪያ ታማሚው ክፍል የሚገባ ሰው አለባበሱንና አወላለቁን ደጋግሞ እንዲለማመድ፣ በትክክል መቻሉንም አስቀድሞ ሠርቶ እንዲያሳይ ያዛል። በዚያ ላይ ሲለብስም ሲያወልቅም የሰለጠነ ተመልካች አጠገቡ ቆሞ እያንዳንዱን እርምጃ ይከታተላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመከላከያ ልብሱን ሲለብሱ እጅ ንጹሕ ነው። አደጋው ያለው ሲያወልቁ ነው። ደክሞህ፣ አልቦህ፣ መነጽርህ ጉም ለብሶ የጓንትህ ውጫዊ ክፍል አንዴ አንገትህን ከነካ አለቀ። በስላይድ ሊማሩት የሚችሉት ነገር አይደለም።

ደግሞ የተማሩት ነገር ካልተሠራበት ይረሳል። ልብ ለቆመበት ሰው ደረት በመጫን የሚደረገው እርዳታ ላይ ብዙ ጥናት ተደርጓል። ክህሎቱ ከስልጠናው በኋላ ባሉት ሦስት እስከ ስድስት ወራት ውስጥ መውረድ ይጀምራል። ከአምስት ዓመት በፊት የተሰጠ ሰርተፊኬት ይዞ የመጣ ሰው ዛሬ ምን እንደሚችል ወረቀቱ አይነግረንም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ባለሙያው ራሱ ቅጽ ቢሞላ ይበቃል ብለዋል።

ቅጹን ሁላችንም እናውቀዋለን። “የንክኪ ክትትል ላይ ያለዎትን ችሎታ ከ1 እስከ 5 ይመዝኑ።” ሁሉም 4ን ያከብባል። 5 ትዕቢት ይመስላል፤ 3 ያሳፍራል። ሌላም ነገር አለ። ስምሪቱ አበል ያለው ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል። የሚያስፈራ ቦታ ከሆነ ዝቅ ይላል። ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ልጅ አለው፣ ኑሮ አለው፤ በዚያ መካከል ነው ቅጹን የሚሞላው።

በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ አለ። ሐኪሞች ለራሳቸው የሰጡትን ነጥብ ሌላ ሰው መዝኖ ከሰጣቸው ጋር ያነጻጸሩ 20 ንጽጽሮችን ሰብስቧል። በ13ቱ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ግንኙነት ደካማ ነው፣ ወይም ጨርሶ የለም፣ ወይም ተገላቢጦሽ ነው። የባሰው ደግሞ ችሎታቸው አነስተኛ ሆኖ በራሳቸው በጣም በሚተማመኑት ላይ የታየው ነው። እነዚህ ሐኪሞች ናቸው። እኛ ከእነሱ የተለየን ፍጡሮች አይደለንም።

ጆርጅ ሚለር የተባለ የሕክምና ትምህርት ምሁር በ1990 እ.ኤ.አ. ነገሩን በአራት ደረጃ ከፍሎታል። ማወቅ አለ። እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ አለ። ሠርቶ ማሳየት አለ። ከዚያ በላይ በእውነተኛው ሥራ ላይ መሥራት አለ። ቅጽ የመጀመሪያውን እንኳ በወጉ አይነካም። የወረቀት ፈተና ሁለተኛው ላይ ይቆማል። ድንኳን ውስጥ የሚያስፈልገን ሦስተኛውና አራተኛው ነው።

ይሁንና ቅጽን ጨርሼ አልጥልም። ሰውየው ብቻ የሚያውቃቸው፣ ለመዋሸትም ምክንያት የሌለባቸው ነገሮች አሉ። ለእነሱ ቅጽ ጥሩ ነው። የሚገርመው እነዚህ ናቸው ቅጾቻችን ውስጥ የማይገኙት።

አንዱ ቋንቋ ነው። ማርበርግ የተነሳባትን ጂንካንና አካባቢዋን አስቡ። አሪኛ አለ፣ በየአቅጣጫው ደግሞ ሌሎች ብዙ ቋንቋዎች አሉ። ንክኪ ያላቸውን ሰዎች የሚፈልግ ባለሙያ የሟቿን እናት ማነጋገር አለበት። አስከሬኗን ማን አጠበ? ማን ገነዛት? ለቅሶ ላይ ማን አደረ? ይህን በአስተርጓሚ፣ ያውም በቀበሌ ሹም አስተርጓሚነት ከጠየቁ መልሱ ሌላ ነው። በእናቲቱ ቋንቋ የጠየቀ ሰው ሃያ ስም ይዞ ይመጣል። ሌላው አራት። በማርበርግ እያንዳንዱ ንክኪ ያለው ሰው 21 ቀን ክትትል ያስፈልገዋል። ያመለጠው አንድ ሰው ሌላ ቀበሌ ውስጥ አዲስ ሰንሰለት ይጀምራል። ታዲያ አንድ ቋንቋ መቻል ከሁለተኛ ዲግሪ የማይተናነስ ክህሎት ነው። የትኛው ዝርዝራችን ላይ ተጽፏል?

ሌላው ክትባት ነው። ደቡብ ኦሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ቢጫ ወባ የተነሳበት አካባቢ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት የጉዞ ማስረጃ የሚሆነው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ዛሬ ወረርሽኝ ተነስቶ ዛሬ የምንከትበው ሰው ዛሬ አልተጠበቀም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ አንድ ረድፍ ብቻ ይጠይቃል። ሞተር ሳይክል መንዳት ይችላል? አስም አለበት? የምታጠባው ልጅ አላት? ቤት ውስጥ የሚያስታምሙት ሰው አለ? እሱ ሲሄድ ጤና ጣቢያው ላይ ማን ይተካዋል? የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንረሳታለን። በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቧል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከአንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ሰው ነቅሎ ለሌላ ወረርሽኝ መላክ በሌላ በኩል ሰው ማስገደል ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፉ ልብ ይመስለኛል። ያለ ምዘና ተወጥተናል ይላል። ብዙዎችንም ያሳመነው ይህ ነው።

መጀመሪያ፣ “ያለ ምዘና” የሚለው ትክክል አይደለም። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ማርበርግ ጂንካ ውስጥ መከሰቱ ይፋ ሲደረግ ምርመራውን ያረጋገጠው የራሳችን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ነው። በዚህ ልንኮራ ይገባል። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ማንም ሰው ሰርተፊኬቱን አሳይቶ ናሙና አይነካም። ውጤቱን ቀድሞ የማያውቀው ናሙና እየተላከለት፣ በትክክል መለየቱ እየተፈተሸ ነው የሚሠራው። ምዘና ማለት ይኸው ነው።

ወረርሽኝ የሚመረምሩትን የመስክ ኤፒዴሚዮሎጂስቶችም እንይ። ስልጠናው አገራችን ውስጥ የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። ከፍተኛው ደረጃ ሁለት ዓመት ይወስዳል። አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ክፍል ውስጥ ሳይሆን መስክ ላይ ነው። ሰልጣኙ እውነተኛ ወረርሽኝ ሄዶ ይመረምራል፣ የቅኝት ሥርዓቱን ይፈትሻል፣ ይጽፋል፤ ልምድ ያለው አማካሪ ከጎኑ ሆኖ ያርመዋል። ካልሠራ አይመረቅም። ስለዚህ ጸሐፊው ለድላችን ምስክር አድርገው የሚያቀርቧቸው ሰዎች፣ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ ይበልጥ በሥራ ላይ የተመዘኑት ናቸው። የእኔ ጥያቄ ይህ ነገር ለምን ከላይ ብቻ ይቀራል የሚል ነው። ለወረዳው ባለሙያስ?

ቁጥራቸውም ቢሆን በቂ አይደለም። ዓለም አቀፉ መለኪያ ለ200,000 ሰው ቢያንስ አንድ የሰለጠነ የመስክ ኤፒዴሚዮሎጂስት ይጠይቃል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር ከ600 በላይ ማለት ነው። በየወረዳው እነሱ እስኪደርሱ ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው የወረዳው ሰው ነው። ወረርሽኝ የሚቀጨው ወይም የሚያመልጠውም በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ነው።

ይህን የሚለካ አንድ ዒላማ አለ። ሰባት አንድ ሰባት ይሉታል። ወረርሽኙ በተነሳ በ7 ቀን ይገኝ፣ በ1 ቀን ሪፖርት ይደረግ፣ በሚቀጥሉት 7 ቀናት የመጀመሪያዎቹ የምላሽ ሥራዎች ይጠናቀቁ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአምስት አገሮች 41 ክስተቶች በዚህ ሲለኩ ሦስቱንም ያሟሉት ከአራቱ አንድ ያህሉ ናቸው። ሌሎቹም ወረርሽኞች በመጨረሻ ቆመዋል። “ተወጥተናል” ማለት ይቻላል። ግን በስንት ቀን? በስንት ሰው?

በስንት ሰው የሚለውን በተለይ ለባለሙያው ስል ነው የማነሳው። በምዕራብ አፍሪካው ኢቦላ ከ800 በላይ የጤና ባለሙያዎች ተይዘው ከ500 በላይ ሞተዋል። አገራችን ያኔ 187 ባለሙያዎችን በአፍሪካ ኅብረት ስር ልካ ነበር። ያንን ፈቃደኝነት ሁልጊዜ በአክብሮት አስበዋለሁ። ሩዋንዳ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ማርበርግ ገባባት። 66 ሰው ተያዘ፣ 15 ሞተ። ሩዋንዳ በፍጥነት ተቆጣጥራዋለች፤ ዓለምም አመስግኗታል። ሆኖም ከተያዙት ከአሥሩ ስምንት ያህሉ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። በሽታው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የመጀመሪያዎቹን ታማሚዎች ያስታመሙ ሰዎች ናቸው። ከዚህ የምማረው አንድ ነገር አለ። የጓንትና የእጅ ንጽሕና ክህሎት መመዘን ያለበት ለስምሪት የተመረጡት ላይ ብቻ አይደለም። ወረርሽኝ ገና ስም ሳይወጣለት በሩ ላይ የሚቀበለው ተረኛ ነርስ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የካርድ ክፍሉ ሰው ላይ ጭምር ነው። ምዘናን እንደ ሸክም የሚያዩት ወገኖቼ ይህን ቢያጤኑት እወዳለሁ። አለማወቃችንን ቀድሞ የሚነግረን ሰው ካላገኘን፣ የሚነግረን ቫይረሱ ነው።

አራተኛው ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱበትን የደመወዝ ጥያቄ ሁላችንም እናስታውሳለን። ወር የማያደርስ ደመወዝ የሚከፈለውን ሰው “ና ልመዝንህ” ብትለው መጀመሪያ የሚያስበው ምን ሊቀሙኝ ነው ብሎ ነው። ትክክል ነው። ምዘና ለቂም ሲውል በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ኃላፊ የማይወዳት ባለሙያ ውጤት ዝቅ ስላለ ከስምሪት ዝርዝር አወጣት። መልሶ የሚያሰለጥናት ግን አልነበረም።

መድኃኒቱ ግን ምዘናውን መተው አይደለም። ውጤቱ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን ነው። የግል ማኅደር ውስጥ አይግባ። ለደረጃ ዕድገትም ለቅጣትም አይዋል። ያልቻለ ሰው በዚያው ቀን ይለማመድ፣ በሌላ ቀን ይደገምለት። ኃላፊውም ይመዘን፤ እሱ ስብሰባ መምራትና ሪፖርት ማንበብ ይችል እንደሆነ ይታይ። የሚላከው ሰው አበሉ ከመሄዱ በፊት ይከፈለው፣ ቢታመም ማን እንደሚያሳክመው፣ ቢሞት ለልጆቹ ምን እንደሚደረግ ይጻፍ። መንግሥት ይህን ሳያደርግ ባለሙያውን ብቻ ልመዝን ካለ እኔም ከጸሐፊው ጋር ቆሜ እቃወማለሁ።

አምስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። ከውጭ የመጣ ነው የሚለው አይገባኝም። የአፍሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መቀመጫው አዲስ አበባ ነው። ከዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቢሮ ጋር ሆኖ በየአገሩ ወዲያው የሚደርሱ ምላሽ ሰጪዎችን እያደራጀ ያለው እሱ ነው። የሚመጡልን ቅጾች ረጅምና ለወረዳ የማይሆኑ ናቸው ካሉ ግን እውነት ነው፤ እንቆርጣቸው። ሠርቶ በማሳየት መመዘን ራሱ ከማንም አልመጣብንም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሪው የኔታ ፊት ቀርቦ በቃሉ ካላሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። የኔታም ስንት ወር ተገኘህ ብለው አይጠይቁትም። ቁጭ ብለው ያዳምጡታል፤ ሲሳሳት እዚያው ላይ ያርሙታል።

ይህ በወረዳ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁና ላብቃ። አሁን በምሠራበት አካባቢ ከባልደረቦቼ ጋር ሆነን ሞክረነዋል። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከጤና ጣቢያው ግቢ ውጪ አንወጣም። አዳራሽም ሆነ ፕሮጀክተር የለም።

አንድ ጥግ ላይ ባልዲ፣ ውኃና የክሎሪን ዱቄት አለ። ለእጅ የሚሆነውንና ለወለል የሚሆነውን ለየብቻ መበጥበጥ ነው። ሚዛን ስለሌለን የአንድ ውኃ ፕላስቲክ ክዳን ስንት ግራም እንደሚይዝ ፋርማሲ ወስደን አስመዘንን፤ ከዚያ በክዳን ነው የምንቆጥረው። ሌላ ጥግ ላይ የመከላከያ ልብስ መልበስና ማውለቅ አለ። ጓንቱ ላይ ቀለም ቀብተን እናስወልቃለን። ሲጨርሱ ቀለሙ የት እንደነካቸው ራሳቸው ያያሉ። የመጀመሪያው ቀን ስምንት ሰው ሞክሮ አንገቱም ክንዱም ንጹሕ ሆኖ የወጣ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷም የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። አሁን ሌሎቹን የምታስተምረው እሷ ናት።

ሦስተኛው ቦታ ላይ አንዲት ባልደረባችን እናት ሆና ትቀመጣለች። ልጇ ተቅማጥ ይዞታል፣ ለመናገር ግን ፈርታለች። ባለሙያው አነጋግሯት ስንት ሰው ከአንድ ምንጭ እንደጠጣ ማወቅ አለበት። አራተኛው ቦታ ላይ የአምስት ታማሚዎች ታሪክ ይነበባል፤ ከዚያ ላይን ሊስት፣ ማለትም የታማሚዎች ዝርዝር መመዝገቢያ ቅጽ፣ ይሞላል። ዕድሜና የሕመሙ መነሻ ቀን የቱ ጋ እንደሚጻፍ የሚሳሳተው ሰው ብዛት አስደንግጦኛል። መነሻ ቀኑ ከተሳሳተ የወረርሽኙ ግራፍ ሁሉ ይዛባል። አምስተኛው ጥያቄ በጣም አጭር ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የተጠረጠረ ታማሚ ቢመጣ ለማን ትደውላለህ? ቁጥሩ ስልክህ ላይ አለ? አሳየኝ።

ውጤቱን በአንድ ሰንጠረዥ ላይ እንጽፋለን። ስም፣ የሚችለው ነገር፣ ያሳየበት ቀን፣ የሚናገራቸው ቋንቋዎች፣ ክትባት፣ ተተኪው ማን እንደሆነ። ነጥብ የለውም። “ይችላል” ወይም “ገና ነው” ብቻ። ስድስት ወር ያለፈው ይሰረዛል፤ ሰውየው እንደገና ያሳያል። ጠቅላላ ወጪያችን ለሻይና ለዳቦ ያዋጣነው ነበር። ጸሐፊው በዚህ በኩል ቢያልፉ በደስታ እናሳያቸዋለን፤ ልምዳቸው ለእኛም ይጠቅመናል።

ሰንጠረዡ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ናሙና በሦስት ድርብ ማሸግ የሚለው ረድፍ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ከመካከላችን ሠርቶ ማሳየት የቻለ ሰው አልተገኘም። የሚያስተምረን ሰው እንዲላክልን ለዞኑ ደብዳቤ ጽፈናል።